ስለ ፕሮሰሰርና ስለ ማዘርቦርድ አመራረጥ የቀረበ ትችት

ኮምፒውተርን ተሠርቶ እንዳለቀለት ዕቃ ከሱቅ አንሥቶ ከመግዛት ይልቅ ክፍል ክፍሉን ለየብቻው እየገዛ በቤቱ የሚገጣጥም ተማሪ ዛሬ ጥቂት አይደለም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ የማይሞላለት ሰው ዛሬ አንዱን፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ሌላውን እየገዛ ሊያጠራቅም ይችላል፤ ለሥራው የሚስማማውንም ብቻ መርጦ የማይጠቅመውን ሊተው ይችላል። ከክፍሎቹ ሁሉ ይልቅ ብዙ ምክር የሚሰጥባቸውና ብዙ ገንዘብም በከንቱ የሚጠፋባቸው ፕሮሰሰሩና ማዘርቦርዱ ናቸው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንዱን ፋብሪካ ለማመስገን ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም። ስለ እነዚህ ሁለት ዕቃዎች ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፉትን ምክሮች አንድ በአንድ አንሥተን፣ የትኛው በማስረጃ የጸና፣ የትኛው ደግሞ በልማድ ብቻ የቆመ እንደ ሆነ ለመመርመር ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው፤ ዋጋዎቹም ዕቃዎቹ መጀመሪያ በወጡ ጊዜ ፋብሪካዎቹ በአሜሪካን ዶላር ያስታወቋቸው ናቸው።

ለዚህ ምርመራ ያነሣሣን በ2021 በአንድ ጓደኛችን ላይ የደረሰ ነገር ነው። ይህ ጓደኛችን ሁለት ክረምት ሙሉ ልጆችን እያስጠና ባጠራቀመው ገንዘብ ራይዘን 5 5600 ኤክስ የሚባለውን ፕሮሰሰር አክስቱ ከውጭ አገር ሲመለሱ ይዘውለት መጡ። ዋጋው 299 ዶላር ነበር። ማዘርቦርዱን ግን እዚሁ ከተማ ውስጥ፣ በመደርደሪያ ላይ ብዙ ጊዜ ከቆየ ዕቃ መካከል ገዛ፤ እርሱም ቢ 450 የሚባለው ዓይነት ነበር። ሶኬቱ አንድ ስለ ሆነ ፕሮሰሰሩ ያለ ምንም ችግር ገባ። ማቀዝቀዣው ዞረ፤ መብራቱም በራ፤ ነገር ግን ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ቀረ።

እኛም ተጠርተን ሄደን ራሙን አውጥተን መለስን፤ ፓወር ሰፕላዩን በሌላ ለወጥን፤ ከሰው የተዋሰውንም ግራፊክስ ካርድ ጠረጠርን። በመጨረሻ የተገኘው ምክንያት ግን አንድም ዕቃ አለመበላሸቱ ነበር። ማዘርቦርዱ የተሠራው ያ ፕሮሰሰር ከመውጣቱ በፊት ስለ ሆነ በውስጡ ያለው ባዮስ እንግዳውን ሊያውቀው አልቻለም። ባዮሱን ለማደስ ደግሞ ሰሌዳው የሚያውቀው አሮጌ ፕሮሰሰር ያስፈልግ ነበር። የሸጠለት ሰው ዕቃው ጤነኛ ነው ብሎ አልመልስም አለ። ፕሮሰሰሩንም ወደ ውጭ አገር መልሶ ለመላክ ወጪው አልተቻለም። ከአምስት ወር በኋላ የመጀመሪያው ትውልድ ራይዘን ያለው አንድ ተማሪ ተገኝቶ ፕሮሰሰሩን ለአንድ እሑድ አዋሰን፤ ሥራውም በግማሽ ሰዓት ተፈጸመ። ግማሽ ሰዓት ለሚፈጅ ሥራ አምስት ወር መጠበቅ ያስፈለገው ሁለቱ ዕቃዎች እንደ ሁለት ግዢ ስለ ተቈጠሩ ነው።

፩. «ፕሮሰሰሩን ምረጥ፤ ሰሌዳው ይከተላል» ስለሚለው ምክር

ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው ምክር ይህ ነው። ፕሮሰሰሩ የኮምፒውተሩ ዋና ሠራተኛ ስለ ሆነ ገንዘቡና ሐሳቡ ሁሉ በእርሱ ላይ እንዲውል፣ ማዘርቦርዱ ግን የሚገጥመው ማናቸውም ዓይነት ቢሆን ግድ እንደሌለው ይነገራል። ይህ አባባል በግማሹ እውነት ነው። ስሌቱን የሚሠራ ፕሮሰሰሩ እንደ ሆነ የሚክድ የለም። ነገር ግን ማዘርቦርዱ ቤት፣ ፕሮሰሰሩ ተከራይ ነው ብንል ነገሩን የበለጠ ይገልጠዋል። ተከራይ ይለወጣል፤ ቤቱ ግን ማን ሊገባበት እንደሚችል የሚወስነው በበሩ ልክ ነው። የዚህ ቤት በር ሶኬቱ ነው።

የሶኬቶችን ታሪክ ለተመለከተ ሰው ጉዳዩ ቀላል አለመሆኑ ይታየዋል። ኢንቴል በ2015 ኤል.ጂ.ኤ. 1151 የተባለውን ሶኬት አወጣ። በ2017 መጨረሻ ገደማ ስምንተኛው ትውልድ ሲመጣ የንክኪዎቹ ቍጥር ያው 1151 ሆኖ ሳለ፣ አዲሶቹ ፕሮሰሰሮች በአሮጌዎቹ ሰሌዳዎች ላይ እንዳይሠሩ ተደረገ። ፋብሪካው የሰጠው ምክንያት የኮሮቹ ቍጥር ስለ ጨመረ የኤሌክትሪክ አቀራረቡ መለወጥ አለበት የሚል ነው። ምክንያቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለገዢው ግን በሩ እየገጠመ ቤቱ አይቀበልህም መባሉ ነበር። በ2020 ኤል.ጂ.ኤ. 1200 ተተካ፤ እርሱም ሁለት ትውልድ ብቻ አስተናግዶ በ2021 መጨረሻ ለኤል.ጂ.ኤ. 1700 ቦታውን ለቀቀ። ይህኛው ሦስት ትውልድ ካሳለፈ በኋላ በ2024 ኤል.ጂ.ኤ. 1851 ተከተለው።

በሌላው ወገን ኤ.ኤም.ዲ. በ2017 የመጀመሪያዎቹን ራይዘን ፕሮሰሰሮች ኤ.ኤም. 4 በሚባለው ሶኬት አወጣ። በዚያን ዓመት 6 ኮር ያለውን ራይዘን 5 1600 በ219 ዶላር የገዛ ሰው፣ የሰሌዳው ሠሪ ባዮሱን ካደሰለት፣ በ2022 የወጣውን ባለ 8 ኮር ራይዘን 7 5800 ኤክስ 3 ዲ በዚያው ሰሌዳ ላይ ሊተክል ቻለ። በአምስት ዓመት ውስጥ ሌላውን ዕቃ ሁሉ ሳይነካ ፕሮሰሰሩን ብቻ ለወጠ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ይህን ምስጋና ከልኩ ማሳለፍ አይገባም። ኤ.ኤም.ዲ. ራሱ በግንቦት 2020 መጪዎቹ ፕሮሰሰሮች በ400ዎቹ ሰሌዳዎች ላይ እንደማይሠሩ አስታውቆ ነበር። የተሰጠውም ምክንያት ባዮሱ የሚቀመጥበት ማስታወሻ በብዙ ሰሌዳዎች ላይ 16 ሜጋባይት ብቻ ስለ ሆነ የሁሉም ፕሮሰሰሮች ኮድ አይበቃበትም የሚል ነበር። ገዢዎች አጥብቀው ስለ ተቃወሙ ውሳኔው በዚያው ወር ተለወጠ። የጓደኛችን ቢ 450 ሰሌዳ አዲሱን ፕሮሰሰር ለመቀበል የተፈቀደለት በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ የሶኬት ዕድሜ የሚመዘነው በፋብሪካው ተስፋ ሳይሆን እስካሁን በተፈጸመው ሥራ ነው።

እዚህ ላይ የሚቀርበውን መልስ አንሸሽግም። «አብዛኛው ሰው ኮምፒውተሩን ከአምስት ዓመት በኋላ በሙሉ ይለውጣል እንጂ ፕሮሰሰሩን ብቻ አይለውጥም፤ ስለዚህ የሶኬቱ ዕድሜ ምን ይጠቅመዋል?» የሚሉ አሉ። ሁሉን በአንድ ጊዜ ሊለውጥ ለሚችል ሰው መልሱ ትክክል ነው። እኛ የምንናገርለት ግን በአንድ ጊዜ ሊገዛ ስላልቻለ ቍርጥራጩን እያጠራቀመ ለገጣጠመው ሰው ነው። ያጠራቀመ ሰው የሚያድሰውም እንዲሁ ቀስ በቀስ ነው። ከዚህም በላይ ሶኬቱ ረዥም ዕድሜ ሲኖረው ሌሎች የለወጧቸው ያገለገሉ ፕሮሰሰሮች ገበያ ላይ ይበዛሉ፤ አቅሙ መካከለኛ የሆነ ሰው የሚጠቀመውም ይኸን ጊዜ ነው።

፪. «ውድ ሰሌዳ ኮምፒውተሩን ያፈጥናል» ስለሚለው ምክር

የመጀመሪያውን ስሕተት የሸሹ ሰዎች ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ላይ ይወድቃሉ። ሰሌዳው አስፈላጊ ነው ከተባለ በኋላ እጅግ ውዱን፣ ብዙ መብራት ያለበትን፣ በብረት የተሸፈነውን ይገዛሉ። ማዘርቦርድ ግን በራሱ ስሌት አይሠራም። አንድ ፕሮሰሰር በአግባቡ በተሠራ መካከለኛ ሰሌዳ ላይና ዋጋው ሦስት እጥፍ በሆነ ሰሌዳ ላይ ቢተከል፣ በተወሰነለት ፍጥነት እስከ ሠራ ድረስ ልዩነቱ ሊታይ የማይችል ነው።

የሰሌዳው ዋና ሥራ ምንድን ነው? ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጣውን 12 ቮልት ፕሮሰሰሩ ወደሚፈልገው ከ1 ቮልት ጥቂት ከፍ ወዳለ ቮልቴጅ ዝቅ አድርጎ ማቅረብ ነው። ይህን ትንሽ በሆነ ስሌት እናሳይ። 65 ዋት የሚል ጽሑፍ ያለበት የራይዘን ፕሮሰሰር በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ እስከ 88 ዋት እንዲወስድ ተፈቅዶለታል። 88 ዋት ከቤታችን 220 ቮልት መስመር ላይ ሲወሰድ ከግማሽ አምፔር በታች ነው። ያው 88 ዋት በ1.2 ቮልት ሲቀርብ ግን 73 አምፔር ያህል ይሆናል። 105 ዋት የሚባለው ዓይነት እስከ 142 ዋት፣ የኢንቴል ኮር አይ 9 12900 ኬ ደግሞ እስከ 241 ዋት ስለሚደርስ፣ የኋለኛው ወደ 200 አምፔር ይጠጋል። ይህን ሁሉ የሚሸከሙት በሶኬቱ ዙሪያ የተደረደሩት የቮልቴጅ መቈጣጠሪያ ክፍሎች ናቸው። እነርሱ ደካማ ሆነው ማቀዝቀዣ ብረት ከሌላቸው በሙቀት ምክንያት ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን እንዲቀንስ ይገደዳል።

ከዚህ የሚገኘው ፍርድ ሁለት ገጽ አለው። 88 ዋት ለሚወስድ ፕሮሰሰር 250 ዋት ሊሸከም የሚችል ሰሌዳ መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። በሌላ በኩል 200 ዋት የሚወስድን ፕሮሰሰር የመጨረሻ ርካሽ በሆነ ሰሌዳ ላይ መትከል ለፕሮሰሰሩ የተከፈለውን ገንዘብ ማባከን ነው። ምክሩ ውድ ግዛ ወይም ርካሽ ግዛ ሊሆን አይገባም፤ የሚሸከመውን አይተህ ለሸክሙ የሚበቃውን ግዛ ነው።

በቺፕሴቶቹም ስም ላይ እንዲሁ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በኢንቴል በኩል ኤች 610 ዝቅተኛው፣ ቢ 660ና ቢ 760 መካከለኛዎቹ፣ ዜድ 690ና ዜድ 790 ከፍተኛዎቹ ናቸው። በስማቸው መጨረሻ ኬ ያለባቸውን ፕሮሰሰሮች ከተወሰነላቸው ፍጥነት በላይ ማስሮጥ የሚፈቀደው በዜድ ሰሌዳዎች ላይ ነው። ስለዚህ ባለ ኬ ፕሮሰሰር ገዝቶ በቢ ሰሌዳ ላይ የሚተክል ሰው ለማይጠቀምበት መብት ከፍሏል። በኤ.ኤም.ዲ. በኩል ቢ 450፣ ቢ 550ና ቢ 650 ይህን ስለሚፈቅዱ መካከለኛ አቅም ላለው ሰው ወደ ኤክስ ሰሌዳዎች ለመውጣት ያለው ምክንያት እጅግ ጥቂት ነው። ብዙ የማከማቻ ዲስክ ወይም ብዙ ካርድ የሚተክል ሰው ብቻ ይጠቀማል።

ፋብሪካዎቹን ልንነቅፍ የሚገባን በስም አወጣጣቸው ነው። ቍጥር ሲጨምር ዕቃውም ይሻላል ብሎ ማሰብ የገዢ ሁሉ ልማድ ነው። ነገር ግን በ2025 መጀመሪያ የወጣው ቢ 840 በ2022 ከወጣው ቢ 650 ያነሰ ነው፤ ፕሮሰሰሩን ከፍጥነቱ በላይ ማስሮጥ አይፈቅድም፤ የውስጥ መሥመሮቹም የአሮጌው የፒ.ሲ.አይ. ኤክስፕረስ 3 ናቸው። እንደዚሁም በ2022 አንድ ላይ የወጡት ራይዘን 5 5500ና ራይዘን 5 5600 በስም ወንድማማች ይመስላሉ፤ ሁለቱም 6 ኮር አላቸው። ሆኖም በውስጣቸው ያለው ካሽ የሚባለው ፈጣን ማስታወሻ በመጀመሪያው 16፣ በሁለተኛው 32 ሜጋባይት ነው፤ የመጀመሪያው ፒ.ሲ.አይ. ኤክስፕረስ 3ን፣ ሁለተኛው 4ን ይጠቀማል። የዋጋቸው ልዩነት 40 ዶላር ነበር። ይህን ልዩነት በሣጥኑ ላይ ካለው ቍጥር ሊያውቅ የሚችል ገዢ የለም፤ ዝርዝሩን ማንበብ ግዴታ ነው።

፫. «ኮሩ ሲበዛ ይሻላል» ስለሚለው ምክር

በዚህ ምክር ላይ የምናቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ ሥራህ ምንድን ነው? ጽሑፍ ለሚጽፍ፣ ለመመረቂያው የቍጥር ትንተና ለሚሠራ፣ ፕሮግራም ለሚማር፣ የሕንፃ ንድፍ ለሚሥልና አልፎ አልፎም ቪዲዮ ለሚያቀናብር ተማሪ 6 ኮር ይበቃዋል። ቀኑን ሙሉ ቪዲዮ በማቀናበር ለሚተዳደር ሰው ግን 8 ወይም 12 ኮር ትርፍ አይደለም። ኤክስ 3 ዲ የተባሉት ፕሮሰሰሮች ተጨማሪ ካሽ ስላላቸው በጨዋታዎች ላይ የታወቀ ብልጫ አላቸው፤ በብዙ ሌሎች ሥራዎች ላይ ግን ብልጫቸው ትንሽ ነው። በ2023 ራይዘን 7 7800 ኤክስ 3 ዲ 449 ዶላር ሲሆን ራይዘን 5 7600 ደግሞ 229 ዶላር ነበር። በልዩነቱ የሚገዛውን ራምና ዲስክ ማሰብ ይገባል።

ከኮር ቍጥር ይልቅ ለእኛ አገር ገዢ የሚያስፈልገው ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም ፕሮሰሰሩ በውስጡ ግራፊክስ ያለው መሆኑና አለመሆኑ ነው። ራይዘን 5 5600 ይህ የለውም፤ ግራፊክስ ካርድ ካልተተከለለት ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም። 5600 ጂ የተባለው አለው፤ ካሹ ግን 16 ሜጋባይት ነው። የኢንቴል ኮር አይ 5 12400 አለው፤ 12400 ኤፍ የተባለው ግን የለውም። በኤ.ኤም. 5 ሶኬት ከሚተከሉት ከ7000ዎቹ መካከል አብዛኞቹ ትንሽ ግራፊክስ ሲኖራቸው ኤፍ የተጻፈባቸው የላቸውም። ካርዱን አብሮ የሚገዛ ሰው ኤፍ የሚለውን ቢመርጥ ጥቂት ገንዘብ ያተርፋል። ካርዱን ከስድስት ወር በኋላ ልገዛ ነው የሚል ሰው ግን ያን ጥቂት ገንዘብ ለማትረፍ ሲል ስድስት ወር ሙሉ የማይሠራ ዕቃ ይዞ ይቀመጣል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው።

፬. ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው ባዮስ

እስካሁን የተናገርነውን በጉልህ የሚያሳዩ ሁለት አጋጣሚዎች በቅርብ ዓመታት ታይተዋል። በ2023 የጸደይ ወራት አንዳንድ የራይዘን 7000 ኤክስ 3 ዲ ፕሮሰሰሮች በሶኬታቸው ውስጥ እያሉ ተቃጠሉ። ምክንያቱ ሰሌዳዎቹ ለአንዱ የፕሮሰሰሩ ክፍል ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ ማቅረባቸው ሲሆን፣ ኤ.ኤም.ዲ. ያ ቮልቴጅ ከ1.3 እንዳያልፍ የሚወስን አዲስ ባዮስ እንዲሠራጭ አደረገ። በ2024 ደግሞ ከፍተኛ አቅም ባላቸው የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች ላይ የመናወጥና የመበላሸት ችግር መኖሩ ታመነ። ፋብሪካው ፕሮሰሰሩ ከመጠን በላይ ቮልቴጅ እንዲጠይቅ የሚያደርግ ስሕተት ማይክሮኮድ በሚባለው የውስጥ መመሪያ ላይ እንዳገኘ ገለጠ፤ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። የማረሚያው መመሪያም ለተጠቃሚው የደረሰው በሰሌዳው ባዮስ በኩል ነው።

በሁለቱም አጋጣሚዎች አንዱ ዕቃ በሌላው ምክንያት ይጎዳል፤ መድኃኒቱም የሚመጣው በሰሌዳው በኩል ነው። ስለዚህ ሰሌዳ ሲመረጥ ከመብራቱና ከሽፋኑ አስቀድሞ ሊታይ የሚገባው ሠሪው ለአሮጌ ሰሌዳዎቹ ባዮስ ማውጣቱን የቀጠለ መሆኑ ነው። ይህንንም ማናቸውም ሰው ከሠሪው የድጋፍ ገጽ ላይ የባዮሶቹን ቀን በማየት ከመግዛቱ በፊት ሊያረጋግጥ ይችላል። በዚያው ገጽ ላይ እያንዳንዱ ፕሮሰሰር ከየትኛው ባዮስ ጀምሮ እንደሚሠራ ተዘርዝሯል። ጓደኛችን ይህን ዝርዝር አይቶ ቢሆን ኖሮ አምስት ወር ባልጠበቀ ነበር።

ያገለገሉ የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮችንም በርካሽ አገኘሁ ብሎ ለሚደሰት ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። አዲሱ ባዮስ ወደ ፊት ከሚደርስ ጉዳት ይጠብቃል እንጂ አስቀድሞ የተጎዳውን አያድንም።

፭. ስለ አገራችን ሁኔታ

ከላይ የመረመርናቸው ምክሮች ብዙዎቹ የመጡት ገዢ ያልተስማማውን ዕቃ መልሶ ገንዘቡን ከሚቀበልባቸው አገሮች ነው። በእነዚያ አገሮች ስሕተት የሚያስከትለው የአንድ ሳምንት መዘግየት ነው። ከአሜሪካን ወይም ከዱባይ በዘመድ ሻንጣ ለሚመጣ ዕቃ ግን መልስ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ለእኛ ምርጫው በፍጥነት ልክ ብቻ ሳይሆን በስሕተት መጠበቂያነቱም ሊመዘን ይገባል።

አንደኛ፣ ፕሮሰሰር ሳይተከል ባዮሱን ከፍላሽ ዲስክ ላይ የሚያድስ ቁልፍ ያለበት ሰሌዳ ቢገኝ፣ ለእርሱ ጥቂት ጨምሮ መክፈል ብልኅነት ነው። ይህ ቁልፍ በብዙ ቢ 550ና ቢ 650 ሰሌዳዎች ላይ ይገኛል፤ በሁሉም ላይ ግን ስላልሆነ አስቀድሞ ማየት ይገባል። ሁለተኛ፣ ባዮስ በሚታደስበት ጊዜ መብራት ቢጠፋ ሰሌዳው ሳይነሣ ሊቀር ስለሚችል ሥራው ባትሪ ባለው ዩ.ፒ.ኤስ. ላይ እንዲሠራ እንመክራለን። ሦስተኛ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ማቀዝቀዣው የሚገፋው አየር የሳሳ ስለ ሆነ የሚወስደውም ሙቀት ይቀንሳል። የከተማይቱ አየር ቀዝቃዛ መሆኑ በከፊል ያካክሰዋል፤ ቢሆንም ብዙ ዋት የሚወስድ ፕሮሰሰር ከሣጥኑ ጋር በመጣ ትንሽ ማቀዝቀዣ ብቻ እንዲሠራ ማድረግ ለእኛ ይበልጥ አደገኛ ነው። ዝቅተኛ ዋት ያለውን መምረጥ ከዚህ አሳብ ያሳርፋል።

ራሙም ከሒሳቡ ሊወጣ አይችልም። የኤ.ኤም. 5 ሰሌዳ ዲ.ዲ.አር. 5 ብቻ ይቀበላል። ኤ.ኤም. 4 ዲ.ዲ.አር. 4 ብቻ ነው። በኤል.ጂ.ኤ. 1700 አንዳንዱ ሰሌዳ ለአንዱ፣ አንዳንዱ ለሌላው ተሠርቷል፤ ማስገቢያዎቹም ስለሚለያዩ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። በ2025 መጨረሻ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ እጅግ ከናረ ወዲህ፣ ርካሽ የመሰለው ሰሌዳ ከራሙ ጋር ሲደመር ውድ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የሚነጻጸረው የፕሮሰሰሩ፣ የሰሌዳውና የራሙ ድምር እንጂ የአንዱ ዋጋ ብቻ አይደለም።

፮. የእኛ ፍርድ

ትችት የሚያቀርብ ሰው ራሱ ምን እንደሚመርጥ ካልተናገረ ሥራውን በግማሽ እንደ ተወ ይቈጠራል። ስለዚህ አሳባችንን በግልጽ እናስቀምጣለን።

ሁሉን አዲስ ለሚገዛና ለዲ.ዲ.አር. 5 ራም አቅም ላለው ሰው ራይዘን 5 7600ን ከቢ 650 ሰሌዳ ጋር እንመርጥለታለን። 65 ዋት ነው፤ ግራፊክስ በውስጡ አለው፤ በሣጥን ሲሸጥ ማቀዝቀዣውም አብሮት ይመጣል። ኤ.ኤም.ዲ. በ2024 ይህን ሶኬት እስከ 2027ና ከዚያም ወዲያ እደግፋለሁ ብሏል። የተስፋ ቃል ብቻ ቢሆን ባልተመካንበት ነበር፤ ነገር ግን በ2022 በተሠሩት ሰሌዳዎች ላይ በ2024 የወጡት የ9000ዎቹ ፕሮሰሰሮች መሥራታቸው ታይቷል።

በእጁ ዲ.ዲ.አር. 4 ራም ላለው ወይም ያን ያህል ገንዘብ ለሌለው ሰው ኮር አይ 5 12400ን ዲ.ዲ.አር. 4 ከሚቀበል ቢ 660 ሰሌዳ ጋር፣ ወይም 5600 ጂን ከቢ 550 ጋር ቢያደርግ አናፍርበትም። ሁለቱም ሶኬቶች ተተኪ ስለ መጣላቸው ወደ ፊት የሚወስዱት መንገድ አጭር መሆኑን ግን አውቆ ይግዛ። ይህን አውቆ ርካሹን የሚገዛ ሰው አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ሳያውቅ የገዛው ነው።

ከዚህ በተረፈ ሰሌዳው ከፕሮሰሰሩ በዋጋ እንዳይበልጥ፣ የተረፈውም ገንዘብ በመጀመሪያ ለታመነ ፓወር ሰፕላይ፣ ቀጥሎም ለራም እንዲውል እንመክራለን። ልምዳችን በጥቂት ኮምፒውተሮች ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ ከእኛ የተለየ ነገር ያጋጠማቸው አንባቢዎች ቢጽፉልንና ቢያርሙን ደስ ይለናል። የጓደኛችን ኮምፒውተር ዛሬም ይሠራል፤ የመመረቂያ ጽሑፉንም የጨረሰው በእርሱ ነው። ያን እሑድ ፕሮሰሰሩን ያዋሰን ተማሪ ደግሞ በዚህ ዓመት የራሱን ሰሌዳ ባዮስ አድሶ ያገለገለ 5600 በርካሽ ገዝቶ ተክሏል፤ ከመግዛቱ በፊትም የሠሪውን ዝርዝር ከእኛ ጋር ተቀምጦ አንብቧል።